ነፋስ የቆጠረው ቆጣሪ

ሰፈሩ ሁሉ «ጠብታ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ልጅ ሳለች የሆነ ቦታ ቧንቧ ጠብ ጠብ እያለ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበርና። አድጋ ውሃ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ ቆጣሪ አንባቢ ስትሆን ስሙ በልኳ እንደ ተሰፋ ልብስ ሆነ። ሃያ ሦስት ዓመት ከግቢ ግቢ ዞራለች። ክዳን ታነሣለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ የደበዘዘውን መስታወት በአውራ ጣቷ ትጠርጋለች፣ ቁጥሩን ትጽፋለች፣ ትፈርማለች። ወገቧ ድሮ ሄዷል፣ ጉልበቷም እየተከተለው ነው፤ ዓይኗ ግን አንድ ቁጥር አምልጦት አያውቅም። ውሻ እንኳ አያስፈራትም። «እኔ የምፈራው የተሳሳተ ቁጥር ብቻ ነው» ትል ነበር ደረቷን ነፋ አድርጋ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

የተመለጠ ራስ ከተነሣ አይቀር ወደ ወንድሟ ፀጉር ቤት እንግባ። እዚያ ቤት ፕሬዚዳንት የማይመዘንበት ቀን የለም። ሁለት ወንበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ዘመኑ ያለፈበት የቀን መቁጠሪያ፤ የቀረው ሁሉ ክርክር ነው። ፀጉር አስተካካዩ እስከ አጥንቱ የፕሬዚዳንቱ ወገን ነው። ጥግ ላይ ጋዜጣ ዘርግተው የሚውሉት ጡረተኛው መምህር ደግሞ ሰውየው ደህና ዋላችሁ ቢል እንኳ አያምኑትም። መምህሩ ራሰ በራ ናቸው። ምን ሊቆረጡ እንደሚመጡ የሚያውቅ የለም፤ ሲጠየቁ «ጢሜን ልላጭ» ይላሉ፣ ጢማቸውም ቢቆጠር ከጣት አይበልጥም።

የክርክሩ ሥር ይህ ነው። ፕሬዚዳንቱ በሁለተኛ ዓመቱ መንግሥት ለነዳጅ የሚያደርገውን ድጎማ አነሣ። ታክሲ ተወደደ፣ ሳሙና ተወደደ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ከድጎማው የተረፈውን በውሃ፣ በመንገድና በትምህርት ቤት ላይ አውለዋለሁ ብሎ ነበር፣ እውነትም ከተማው ዳር እስከ ዳር ተቆፈረ።

«ሰውየው ገንዘቡን አልበላውም፣ ቀበረው» ይላል ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እያንቀጫቀጨ። «ቧንቧ አድርጎ ቀበረው።»

«የተቀበረ ነገር ዘር ይሁን ሬሳ ሳይበቅል በምን ታውቃለህ?» ይላሉ መምህሩ ከጋዜጣው ጀርባ።

«ጠብታ ትምጣና ትፍረደን!»

ጠብታ ታዲያ ምሳ ሰዓት ላይ መዝገቧን ታቅፋ ትመጣለች። ስለ ሰውየው ደግም ክፉም አትናገርም፤ ታነባለች። «ላይኛው ሰፈር ከሁለት ዓመት በፊት ቧንቧ የሚባል ነገር አልነበረውም። ዛሬ ሦስት መቶ አርባ ቆጣሪ አለ። ባለፈው ወር አንዱ ቤት በአማካይ ዐሥራ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ተጠቅሟል።» ይህን ካለች በኋላ መምህሩ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ወንድሟ በኩራት ፎጣውን ያራግፋል፣ ፀጉሩ ሁሉ ደንበኛው ላይ ይበተናል። እሷም ደስ ይላታል፣ ለምን ይዋሻል። ሌላው በአፉ ሲመዝን እሷ በመሣሪያ ነው የምትመዝነው።

ላይኛው ሰፈር ኮረብታው ጫፍ ላይ ያለው ነው። እዚያ የሰው ልብስ አጥባ ሦስት ልጆች የምታሳድግ አንዲት ሴት አለች። አጣቢዋ ሰባት ወር ሙሉ፣ ጠብታ የግቢውን ክዳን ባነሣች ቁጥር፣ ያንኑ ነገር ትላታለች።

«እትዬ፣ የምትጽፊው ነፋስ ነው።»

ጠብታም ያንኑ መልስ ትመልሳለች። «ቆጣሪ አይዋሽም የኔ እህት፤ የሚዋሽ ሰው ነው። የሆነ ቦታ ያፈስብሽ ይሆናል፣ አስጠግኚ።» ክዳኑን ትዘጋና ወደሚቀጥለው ግቢ ትሄዳለች። አጣቢዋም ጄሪካኗን ይዛ ቁልቁል ትወርዳለች፣ ከታችኛው ሰፈር ውሃ ልትገዛ።

አንድ ሰኞ የክፍሉ ኃላፊ ጠብታን ቢሮው አስጠራት። ኃላፊው ገና ልጅ እግር ነው። አዲስ ሲቀጠር ቆጣሪ ማንበብ ያስተማረችው እሷ ናት፤ ስድስትና ዘጠኝን እያቀያየረ ያስቸግራት ነበር። አሁን ከረቫት አለው።

«እትዬ ጠብታ፣ እንኳን ደስ ያለዎት» አለ ወረቀት እየሰጣት። «ለላይኛው ሰፈር ታስቦ የነበረው ሁለተኛ ፓምፕ ቀርቷል። በእርስዎ ንባብ መሠረት ሰፈሩ በቂ ውሃ እያገኘ ነው። ለፕሬዚዳንቱ የሚቀርበው ሪፖርት ላይም መቶ በመቶ ተብሎ ገብቷል። የበጀት ስብሰባው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ከጸደቀ ገንዘቡ ለስታዲየሙ መብራት ይሆናል። አዩ፣ አገሪቱን አንድ ፓምፕ አተረፉላት።»

ደስ አላት። አዎ፣ ደስ አላት፤ እኔ ልሸፍንላት አልችልም። ወደ ወንድሟ ሄዳ ነገረችው፣ ወንድሟም በድል አድራጊ ልብ መምህሩን በነጻ ላጫቸው። ሁሉ ሳቀ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

በዚያው ሳምንት ላይኛው ሰፈር ወጣችና ወሬውን ለአጣቢዋ ራሷ ነገረቻት፣ ደስ የሚላት መስሏት። አጣቢዋ አልጮኸችም። የያዘችውን እርጥብ አንሶላ ገመዱ ላይ አስተካክላ ሰቀለችና ዞር ብላ አየቻት።

«ነገ ጎሕ ሲቀድ ነይ፣ ውሃ የሚለቁበት ቫልቭ ከመከፈቱ በፊት» አለች። «ሻይ ግን አላፈላልሽም። ማፍያ ውሃ የለኝም።»

ጠብታ ያን ንግግር ይዛ ወደ ቤቷ ወረደች። ተኛች፣ ተገላበጠች። በማግስቱ ወገቡ ገና ጨለማ የሆነውን ኮረብታ በባትሪ መብራት ወጣች።

አጣቢዋ የቧንቧውን አፍ ከፍታ ቆማለች። ከታች ቫልቩ ሲከፈት በመጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ከሩቅ እንደ መጣ ፉጨት ሽሽሽ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ቧንቧውን አንድ ሁለቴ ሳል ሳል አለው፣ ከዚያ ነፋስ ወጣ። ንጹሕ ነፋስ። የጠብታን ሻሽ ጫፍ አነሣው። እሷ ወደ ቆጣሪው ሮጠች፣ ክዳኑን ከፈተች፣ መብራቷን አበራች። መሐሉ ላይ ያለችው ትንሿ ቀይ ኮከብ ቅርጿ እስኪጠፋ ድረስ ትሽከረከራለች። ቁጥሮቹ ይሮጣሉ። ከቧንቧው አፍ የሚወጣው ግን ያው ነፋስ ነው፤ በመጨረሻ የዛገ ውሃ መጣ፣ ጄሪካኑን ሳይሞላ ቀጥ አለ።

ነገሩ ምስጢር አልነበረውም። ታች ያለው አሮጌ ፓምፕ ውሃውን እስከ ኮረብታው ወገብ ያደርሰዋል፣ ከዚያ አቅም ያንሰዋል። በቀን አራት አምስት ጊዜ ይነሣል ይወድቃል። በተነሣ ቁጥር ውሃው ባዶው ቧንቧ ውስጥ ያለውን አየር ወደ ላይ ይነዳዋል፣ አየሩም በየቤቱ ቆጣሪ እያፏጨ ያልፋል። ቆጣሪ የገፋው ውሃ ይሁን አየር አይጠይቅም፤ ከተገፋ ይዞራል።

ጠብታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሃያ ሦስት ዓመት ክዳን ስታነሣ ኖራ፣ የቧንቧውን አፍ ግን አንድ ቀን አይታው አታውቅም። ለምን ታያለች? ቆጣሪው በር ላይ ነው፣ ቧንቧው ጓሮ። ኮከቧ ስትዞር ብታይ እንኳ «ውሃ እየመጣላቸው ነው» ብላ ደስ ብሏት ታልፍ ነበር። አፈረች። ፊቷ እስኪግል ድረስ አፈረች።

«ሰባት ወር ነገርሽኝ» አለች።

«እኔ ብናገር ማን ይሰማኛል» አለች አጣቢዋ፣ ያለ ቁጣ። «አንቺ የጻፍሽው ግን ይታመናል።»

ከኮረብታው ስትወርድ ጠብታ ቆርጣ ነበር። ፓምፑን ያስቀረው የእሷ እጅ ነው፤ የሚመልሰውም የእሷ እጅ መሆን አለበት። ለበጀት ስብሰባው አሥራ ስምንት ቀን ቀርቷል።

በመጀመሪያ ወደ ኃላፊው ሄደች። ሰማትና ከረቫቱን ላላ አደረገ።

«እትዬ፣ ሰባቱም ወር በእርስዎ ፊርማ ነው ያለው። ለጡረታዎ አንድ ዓመት ነው የቀረዎት። ሪፖርቱ ደግሞ ላይ ደርሷል። አሁን ምን ያደርጉታል? ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።»

«ውሃ በሆነማ ደስታዬ ነበር» አለችው። «የምንወቅጠው ነፋስ ነው። አንተ ስድስትን ዘጠኝ ስትለኝ ምን እልህ ነበር?»

ኃላፊው ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ማስተካከል ጀመረ።

«ምን እልህ ነበር?»

«‹ሰርዘህ ከጎኑ ትክክለኛውን ጻፍ፣ ፈርምበት› ይሉኝ ነበር።»

«እሱኑ ላደርግ ነው» ብላ ወጣች።

ከወንድሟ ጋር የነበረው የባሰ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አስቀምጦ ነው ያዳመጣት።

«እህቴ፣ ለእኒህ ራሰ በራ ድሉን ልትሰጪያቸው ነው? ሰውየው ለምርጫ ሊቀርብ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ነው የቀረው።»

መምህሩ ጋዜጣውን አጠፉ። ፈገግታቸው ከጆሮ ጆሮ ደርሷል። «እኔ ዘር ይሁን ሬሳ ብዬ ነበር» አሉ።

«መምህር፣ እርስዎም አይሳቁ» አለች ጠብታ። «ፓምፑ ቢቀር የሚጠማው ፕሬዚዳንቱ አይደለም። ጋሼ፣ አንተም ስማኝ። የእኔን ቁጥር ይዘህ ሰውየውን አሞገስክ። ቁጥሬ ከተበላሸ ሙገሳህም ተበላሽቷል። መጀመሪያ ቁጥሬን ላስተካክል፣ ከዚያ ሁለታችሁም እንደ ልማዳችሁ ተናከሱ።»

መምህሩ ሳቃቸውን ዋጡ። መነጽራቸውን አወለቁና «ሠንጠረዥ ማስመር የሚችል ሰው ያስፈልግሻል» አሉ። ሠንጠረዡን እሳቸው አሰመሩላት፣ በቀይና በጥቁር እስክሪብቶ፣ የድሮ የፈተና ወረቀት ይመስል። ወንድሟ ጀርባውን ሰጥቶ ምላጩን መሳል ያዘ።

ጠብታ አሥራ ሁለት ቤት መረጠች፤ ከኮረብታው ጫፍም ከወገቡም። ለአሥር ቀን በየንጋቱ ወጥታ ቆጣሪውን ታነባለች። ቤተሰቡ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከቧንቧው የቀዳውን ጄሪካን በከሰል ግድግዳው ላይ በጭረት ያሰፍራል። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ቤት እምቢ አላት። አንዱ አዛውንት በሩን ሳይከፍቱ «እስከ ዛሬ ነፋስ አስከፈልሽን፣ አሁን ደግሞ ግድግዳችንን ልታስቆሽሺ ነው?» አሏት። እውነታቸውን ነው። በሩ ላይ ቆማ «አዎ አባቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልክሰው ነው የመጣሁት» አለች። በሦስተኛው ቀን ከፈቱላት፣ ሌላውም ቤት ተከተላቸው፤ ጭረቱንም ከሁሉ አሳምረው የጻፉት እሳቸው ናቸው። ጉልበቷ በስድስተኛው ቀን አብጦ በፋሻ ጠመጠመችው፣ በሰባተኛው ቀን በዱላ ወጣች። የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም። ከዚያ ወርዳ መደበኛ ሥራዋን ትሠራ ነበር፤ አንድም ቀን አልቀረችም፣ አለቃዋ ምክንያት እንዳያገኝ።

በአሥረኛው ቀን ሲደመር፣ ቆጣሪው ለአንድ ቤት በአማካይ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ሊትር ይላል። ግድግዳው አራት መቶ ይላል።

የበጀቱ ስብሰባ በከተማው አዳራሽ ውስጥ ነበር። ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ትልቅ ሹም መጥተዋል፣ መድረኩ ላይ ውሃ በጠርሙስ ተደርድሯል። ሕዝብ አስተያየት የሚሰጥበት ሰዓት ሲደርስ ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ተባለ። ኋላ ወንበር ላይ አጣቢዋና አሥራ አንዱ ቤተሰብ ተቀምጠዋል፤ መምህሩም አሉ፣ ጢማቸውን ተላጭተው። ወንድሟ የለም። ጠብታ ዱላዋን ለአጣቢዋ አስይዛ ተነሣች። ሠንጠረዡን አነበበች፣ ሁለት ደቂቃ ፈጀባት።

«ቆይ እስቲ» አሉ ሹሙ ወረቀታቸውን እያገላበጡ። «ይህ ሪፖርት ላይ ያለው ንባብ የማን ነው?»

«የኔ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ የትኛውን ንባብሽን እንመን?»

ጠብታ ቦርሳዋን ከፈተችና አንድ የተነቀለ ቆጣሪ አወጣች። ከመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ፈርማ ያወጣችው ነው፤ ያለ ፊርማ የምትነካው ነገር የለም። በሻሿ ጫፍ አፉን ጠረገች፣ ከፍ አድርጋ ለሰው ሁሉ አሳየች፣ ከዚያ ከንፈሯ ላይ አድርጋ በሙሉ ትንፋሿ ነፋች። አዳራሹ ጸጥ ብሎ ስለ ነበር የኮከቧ መሽከርከር በማይክሮፎኑ ውስጥ ዚዚዚ ሲል ተሰማ። አንድ ጊዜ ደገመች። አተነፋፈሷ እስኪመለስ ጠበቀችና ቁጥሩን አነበበች።

«አምስት ሊትር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህን አምስት ሊትር የጠጣ ሰው አለ?»

ቆጣሪውን ወስዳ ሹሙ ፊት አስቀመጠችው። ሹሙ ግራ ቀኝ አዩ፣ ምን ይሆናል ብለው አነሡትና እፍ አሉበት። ዞረ።

«እርስዎ አሁን ሁለት ሊትር ተጠቅመዋል» አለች። «ሂሳቡን በወሩ መጨረሻ አመጣልዎታለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፣ ሹሙም ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ፕሬዚዳንቱን ልከስ አይደለም የመጣሁት» አለች። «ነዳጁን አስወድዶ ቧንቧውን አስቀብሯል፤ እግሬ ያውቀዋል፣ ከላይ እስከ ታች በላዩ ሄጄበታለሁ። ፓምፕ የሌለው ቧንቧ ግን ረጅም ፉጨት ነው። ሰው በከፈለው ልክ ይድረሰው። ፓምፑ ይመለስ። ጨርሻለሁ።»

ስትዞር ወንድሟን አየችው። በሩ ላይ ቆሟል፣ የፀጉር ቤት ሽርጡን እንኳ አላወለቀም። መቼ እንደ መጣ አልነገራትም። ዱላዋን ከአጣቢዋ ተቀብሎ ክንዷን ያዘና ወደ ቤት ወሰዳት።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው። አጣሪ ቡድን መጣ፣ በየግቢው ቧንቧ አፍ ላይ ፌስታል እያሰረ ሲነፋ አየ፣ ተመለሰ። ለላይኛው ሰፈር የነፋሱ ሂሳብ ተሰረዘ። ለጠብታ በስህተት ንባብ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ እሷም ተገቢ ነው ብላ ፈርማ ተቀበለች። ስታዲየሙ መብራቱን ለሌላ ጊዜ ጠበቀ። ፓምፑ በጀት ውስጥ ተመለሰ፣ ከአሥር ወር በኋላም ኮረብታው ሥር ቆመ።

ጡረታ ልትወጣ አንድ ሳምንት ሲቀራት የመጨረሻውን ወር ንባብ ይዛ ወደ ኃላፊው ገባች። ኃላፊው አየና ላብ ላብ አለው።

«እትዬ፣ ይህ እንዴት ይሆናል? ላይኛው ሰፈር ከዐሥራ አንድ ወደ ስድስት ሜትር ኩብ ወርዷል። ምርጫ ሊደርስ ሁለት ወር ነው የቀረው። ሰውየው ፓምፕ አስገብቶ ውሃ ቀነሰ ሊባል ነው እኮ። ለዚህ ወር ብቻ አሮጌውን ቁጥር ብንተወው ምን አለበት?»

ወንድሟም ሰምቶ ያንኑ ጠየቃት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለሰውየው ብለሽ።»

«ለእሱም ብዬ ነው ጋሼ» አለችው። «ያን ጊዜ የጻፍኩለት ነፋስ ነበር። አሁን ውሃ ልጻፍለት። ትንሽ ነው፣ ግን ይጠጣል። ልትመርጠው ከፈለግህ በዚህ ምረጠው፤ መምህሩም ሊቃወሙት ከፈለጉ በዚሁ ይቃወሙት።»

ኃላፊው ግን አንድ ጊዜ እንደገና እንድታነብ ለመናት፣ ምናልባት ስህተት ካለበት። በመጨረሻው የሥራ ቀኗ ወጣችለት። በአጣቢዋ ግቢ ነጭ አንሶላ ከዳር እስከ ዳር ተሰቅሏል። ጠብታ በመጀመሪያ ወደ ጓሮ ሄዳ የቧንቧውን አፍ ከፈተችና እጇን ከሥሩ አደረገች። ከዚያ ወደ በሩ ተመልሳ ክዳኑን አነሣች። ቀይዋ ኮከብ ትዞራለች፣ ግን ዝግ ብላ፣ ሸክም እንዳለባት፤ እያንዳንዱ ጥርሷ ይታያል። ጠብታ ቁጥሩን ጻፈች። ስድስት። ከሥሩ ሙሉ ስሟን ፈረመች።

«እትዬ» አለች አጣቢዋ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ እጇ ላይ ማንቆርቆሪያ ይዛ። «ትቸኩያለሽ?»

«የምሄድበት የለኝም።»

«እንግዲያ ተቀመጪ፣ ሻይ ላፍላልሽ።»

ጠብታ መዝገቡን ዘጋች፣ ያን ቀን ባፈረችበት ደረጃ ላይ ተቀመጠች፣ ሻዩ እስኪፈላ ጠበቀች።